ለእንግዳ የሚታየው ማሳ

ጥቅምት 21 ቀን 1980፣ እሑድ

መካነ ሰላም ከገባሁ ሦስት ቀኔ። አባባ ቤት ነኝ፤ የልጅነት መደቤ ላይ። እግሬ ከመደቡ ይተርፋል እንጂ ሌላው እንደነበረ ነው። የዘንድሮን መኸር እንድገምት ከአዲስ አበባ፣ ከመሥሪያ ቤቴ የዕቅድ ክፍል፣ ለሁለት ወር ተልኬ ነው የመጣሁት። "የአገሩ ልጅ ነሽ፣ ሰዉን ታውቂዋለሽ" ተብዬ። አውቀዋለሁ እንዴ? በዓመት አንዴ ለበዓል እየመጣሁ፣ ሁለት ቀን አድሬ የምሄድ ሰው።

ሻንጣዬ ውስጥ፣ ከገመዱና ከሚዛኑ ሥር፣ አንድ ቅጽ አለ። አለቃዬ አቶ አስፋው ልነሣ ስል እጄ ላይ ያስቀመጡልኝ ነው። የዶክትሬት ዕድል፤ ሀንጋሪ፤ አራት ዓመት። ሁሉንም ሞልቼዋለሁ። ስም፣ የዓለምዘርፍ አጥናፉ። ዕድሜ፣ ሠላሳ ሁለት። የጋብቻ ሁኔታ የሚለው ላይ ጭረት አድርጌ አለፍኩ። የቀረችኝ አንዲት መስመር ናት፤ "የሚጠናው የትምህርት መስክ" ትላለች። ቅጹ እስከ ታኅሣሥ 30 አዲስ አበባ መግባት አለበት።

አንድ ነገር ለራሴ በግልጽ ልጻፍ። ማስተማር አልፈልግም። ዶክተር ተብዬ ተመልሼ ጠመኔ ልይዝ አይደለም የምማረው። የምፈልገው እህል ለማን ይሂድ፣ መቼ ይሂድ የሚባልበትን ጠረጴዛ ነው። ትዕቢት ከሆነም ይሁን። ለአባባ ግን እስካሁን ትንፍሽ አላልኩም።

ጥቅምት 23፣ ማክሰኞ

ደክሞኛል። አጭር።

ከአድማሴ ጋር ሥራ ጀመርን። የዚሁ የመካነ ሰላም የግብርና ሠራተኛ ነው፤ ረጅም፣ ቀልደኛ፣ በቅሎ ላይ ሲቀመጥ እግሩ መሬት ሊነካ የሚደርስ። ሥራው ያው ነው። ማሳ ውስጥ አራት ካስማ እንተክላለን፣ ገመድ እናዞርበታለን፣ በገመዱ ውስጥ ያለው ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ ይመዘናል። እሷን እናባዛና አገር እናደርጋታለን።

የቀበሌዎቹን ዝርዝር ሲያነብልኝ ሦስተኛው ዝግባ በር ሆነ። "እሱን መጨረሻ እናድርገው" አልኩት። ለምን አለ። መንገዱ ስለሚከፋ አልኩ። "መንገዱማ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው" አለ። ገመዱን መጠቅለል ስጀምር መጨረሻ አደረገው።

ጥቅምት 27፣ ቅዳሜ

ዛሬ ለአባባ ነገርኳቸው። ምሳ በልተን፣ እታዬ ሸዋረግ ገበታውን ስታነሣ። እታዬ የአባባ ታናሽ እህት ናት፤ እናቴ ካረፈች ጀምሮ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት።

አባባ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቅኔ ያስተማሩ መሪጌታ ናቸው። እንደፈራሁት የመጀመሪያ ጥያቄያቸው፣ "ተምረሽ ስትመለሺ ወንበር የምትዘረጊው የት ነው?" የሚል ሆነ።

"ወንበር አልዘረጋም፣ አባባ። መሥሪያ ቤቴ ነው የምመለሰው።"

"ሳታስተምሪ?"

"ሳላስተምር።"

"እኛ ዘንድ ተምሮ የማያስተምር መብራት አብርቶ እንቅብ የደፋበት ነው" አሉ። ቁጣ እንኳ የለበትም፤ አዘኑ እንጂ። ቁጣ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ዳዊታቸውን ዘረጉ። ገና ጥቂት እንዳሉ ጉሮሮዬን ይዞኛል አሉና ለእኔ አቀበሉኝ። አነበብኩላቸው። ደስ አላቸው መሰለኝ፤ እኔ ስሳሳት በቃላቸው ያርሙኝ ነበር። ገጹን ግን ቀድመው ሁለት ቅጠል ገልጠውት ኖሮ ወደ ኋላ መመለስ ነበረብኝ።

እታዬ ተቆጣችኝ ደግሞ። በርጩማውን ወደ በሩ አስጠግቼ ብቀመጥ፣ "ከቦታው አታንሺ ብዬሻለሁ" ብላ ነጥቃ መለሰችው። እርጅና ሰውን እንዲህ ግትር ያደርጋል?

ኅዳር 3፣ ዓርብ

መስኩን እያሰብኩ ከበቅሎ ላይ ልወድቅ ነበር።

ማስተርሴ የሰብል ማዳቀል ነው። በዚያው ብቀጥል ማንም አይጠይቀኝም፤ ኮሌጁም ለመምህርነት በሩን ከፍቶ ይጠብቀኛል፤ አባባም ደስ ይላቸዋል። ግን ዘር አዳቅሎ የተመለሰ ሰው ስንት ኩንታል ለማን ይሂድ ሲባል የሚጠራው የለም። አቶ አስፋው የግብርና ኢኮኖሚ ይላሉ። "ዓለሜ፣ ሚኒስትሩ ፊት የሚቀመጠው ኢኮኖሚስት ነው። የቀረነው ወረቀት ይዘን ኮሪደር ላይ የምንቆም ነን" ይላሉ። ሃያ ዓመት ኮሪደር ላይ የቆሙ ሰው ናቸው፤ ያውቁታል።

ኢኮኖሚ ነው መሰለኝ። ታዲያ እጄ ለምን አይጽፈውም?

ኅዳር 9፣ ሐሙስ

ሁለት ቀበሌ ጨረስን። ገብሱ ደኅና። ስንዴው መካከለኛ። ክረምቱ ቶሎ ወጥቷል እየተባለ ማሳው ግን አያስታውቅም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እግሬ ቆስሏል። እታዬ ውኃ አሙቃልኛለች።

ኅዳር 18፣ ቅዳሜ

ጾም ላይ ስለሆንን መንገድ ላይ ምሳችን ቆሎ ናት። አድማሴ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ብርቱካን ይዞልኝ መጣ።

"ሀንጋሪ ብርድ ነው አሉ" አለኝ።

"አቀስታን ያህላል?"

"አቀስታማ ቢበርድ ሰው አለ፣ እንዴት አደርሽ የሚል።" ከዚያ ትንሽ ሄደና፣ "አራት ዓመት በቀን ሲቆጠር ስንት ነው?" አለ። ሺህ አራት መቶ ስድሳ አንድ አልኩት። "አብሽሪ፣ ያልቃል" አለ፤ ለማን እንዳለው ግን አልገባኝም። ቀኑን ሙሉ ሳይቀልድ ዋለ። አሞት ይሆናል።

አባባ የሌሊት ማኅሌት መሄድ ትተዋል። ጉልበቴን ነው ይላሉ። ቀን ግን ከተማሪዎቻቸው ጋር እስከ ደብሩ ይመላለሳሉ፤ ተማሪ ክንዳቸውን ይዞ። ክብር ያምራል፤ መምህሩን ተማሪው እንዲህ ሲደግፍ።

ኅዳር 24፣ ዓርብ

ዝግባ በር ሄድኩ። ሳልጽፈው አልተኛም።

በ76 ዓ.ም. ይኼን ቀበሌ የገመትኩት እኔ ነኝ። አድማሴ አያውቅም። አሻግሬ የሚባለው ገበሬ ግን ከሩቅ አወቀኝ። "እትዬ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ?" ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ሚስቱ ብርሀንነሽ አጎዛ አነጠፈች፤ ቆሎና ጠላ ቀረበ። ቅጼን አወጣሁ። የቤተሰብ ብዛት ስል አምስት አለ። የያኔው ደብተሬ ላይ ስምንት ነበር። አልጠየቅሁም።

ወደ ማሳው መራን። ከቤቱ ጀርባ ነው፤ ፍግ የጠገበ መሬት፣ ጤፉ የተኛ በርኖስ ይመስላል። ካስማውን ልተክል ጎንበስ ስል ቦታውን አወቅሁት። ያኔም የተከልኩት እዚሁ ነው።

"ጋሽ አሻግሬ፣ ሌላ ማሳ የለዎትም?"

"አለ። ያው ነው።"

"የታለ?"

"ከወንዙ ማዶ ነው፤ ፀሐዩ ይመታዎታል።"

"ልየው።"

ብርሀንነሽን አያት። እሷ ፊቷን አዞረች። "እሱን ምን ያደርጉታል" አለ በቀስታ።

ሄድን። ጭንጫ ነው። ጤፉ ከቁርጭምጭሚቴ አያልፍም፤ እሱም እዚህም እዚያም። ስፋቱ ግን የደጁን ሦስት እጥፍ ነው።

"ያኔ ይኼን ለምን አላሳዩኝም?"

ግራ ገባው። "እንዴት ብዬ? ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተው ይኼን ጉድ አሳይቼ ልሸኝዎት? ነውር አይደለም? እርስዎስ እንግዳ ሲመጣብዎ የሚያነጥፉለት የተቀደደውን አጎዛ ነው?"

ትምህርት ቤት የተነገረን ሌላ ነበር። ገበሬ ግብር ይፈራል፣ ኮታ ይፈራል፣ ስለዚህ ይደብቃል ነው የተባልነው። እኔም ያኔ በሄክታር ዘጠኝ ኩንታል አልኩና አልበቃኝም፤ ደብቆኝ ነው ብዬ አሥር በመቶ ጨመርኩበት። በገዛ እጄ። "ይህ ቀበሌ እርዳታ አያስፈልገውም" የምትለው መስመር የእኔ ጽሕፈት ናት። የእርዳታው እህል የደረሳቸው ከአራት ወር በኋላ፣ በሁለተኛው ዙር ነው። ሰውዬው የነበረውን ምርጥ አሳየኝ፤ እኔ ሌባ ነው ብዬ ጨመርኩበት።

ጭንጫው ላይ ተቀመጥኩ። አድማሴ ምን እንደሆንኩ ሳይጠይቅ ባርኔጣውን አውልቆ ያራግብልኝ ጀመር። ባርኔጣውን ሳይ ነው ነገሩ የመጣልኝ።

"ጋሽ አሻግሬ፣ በዕጣ ብናደርገውስ? የማሳዎቹን ስም ጽፈን እዚህ ውስጥ እንጨምርና የወጣውን እንለካለን።"

ፊቱ ተፈታ። "ዕጣማ የእግዜር ነው። ዕጣ ካወጣው ምን ነውር አለው?"

መሬት ሲከፋፈሉ በዕጣ ነው፤ ውኃ ሲደርሳቸው በዕጣ ነው። ራሱ አወጣ። ጭንጫው ደረሰው። "እንግዲህ ዕጣው ነው፣ እኔ አይደለሁ" ብሎ ሳቀ፤ ብርሀንነሽም ሳቀች። አብረን አጨድነው። መዘንነው። ሁለት ኩንታል ከሩብ በሄክታር።

ኅዳር 25፣ ቅዳሜ

መስኩን ጻፍኩ፤ በእርሳስ። ስታትስቲክስ። የናሙና አመራረጥ፣ በገበሬ ማሳ ላይ።

ለዝግባ በር ብዬ አይደለም። ሥራውን ስለሚጠቅም ነው። የለካናቸውን ቀበሌዎች ሁሉ በዕጣ እንደገና እንለካለን፤ አድማሴ ሳያጉረመርም እሺ አለ። "በቅሎዋ ትጠየቅ እንጂ እኔስ ደስታዬ ነው" አለ።

ስምንት። አምስት።

ታኅሣሥ 2፣ ቅዳሜ

ከስልክ ቤት ከአቶ አስፋው ጋር ተገናኘሁ። መስመሩ መጥፎ ስለነበር ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሕይወቴን ሰማ።

"ስታትስቲክስ?" አሉ። "ዕድሜ ልክሽን ደማሪ ነው የሚሉሽ። ጠረጴዛውን እርሽው።"

"ጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው ቁጥር ውሸት ከሆነስ?"

"እሱን የሚጠይቅ የለም።"

"እኮ፤ ስለዚህ ነው።"

የጠፉ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ ስል፣ "ልጅ ሳለሁ እኔም እንዲህ ነበርኩ" አሉና ስልኩ ተቆረጠ። ከኋላዬ የቆሙት ሴትዮ "ደማሪ መሆን ምን ነውር አለው፣ ልጄ" አሉኝ። ልስቅም ላለቅስም አልቻልኩም። ትክክል ቢሆኑስ? አራት ዓመት ተምሬ ኮሪደር ላይ ብቀርስ?

ታኅሣሥ 11፣ ሰኞ

አባባ ወደቁ። በእኔ ምክንያት።

ካስማዎቹንና ገመዱን ከበሩ ውስጥ ጥዬ ነበር። ቀትር ነው፤ ፀሐይ ቤቱን ሞልታዋለች። ከተማሪዎቻቸው ተነሥተው ቀጥ ብለው፣ ቀና ብለው ገቡ፤ ካስማው ላይ ተደናቀፉና በእጃቸው መሬቱን መቱት። አንጓቸው አበጠ።

"አባባ፣ አላዩትም?" አልኩ።

"ሐሳብ ይዞኝ ነው" አሉ።

እታዬ አሽታቸው ስትጨርስ ጓዳ ጠራችኝ። እንዲህ ተናግራኝ አታውቅም። "ዓይንሽ የሚሠራው የሰው ማሳ ላይ ብቻ ነው እንዴ?" አለች። ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ግራ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ቀኙ እየሄደ ነው። አምና ደሴ ሐኪም ዘንድ ደርሰው ነበር፤ ዘግይቷል ነው የተባሉት። እኔን እንዳትነግረኝ በመስቀላቸው አስምለዋታል።

"ምነው እኔን? ልጃቸው አይደለሁም?"

"ልጃቸውማ ነሽ። ግን በዓመት ሁለት ቀን የምትመጪ እንግዳ ነሽ። ለእንግዳ ደኅና ደኅናው ነው የሚታይ።"

በርጩማው። ዳዊቱ። ማኅሌቱ። ክንዳቸውን የያዘው ተማሪ። ይኼን ደብተር ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩት። ሁሉንም ጽፌዋለሁ። አንዱንም አላየሁም።

ታኅሣሥ 17፣ እሑድ

ስድስት ቀን ሆነ። እሳቸው አልተናገሩም፤ እኔም አልተናገርኩም። ዳዊት አነብላቸዋለሁ። በርጩማውን አልነካም።

ቅጹን ሻንጣው ሥር መለስኩት። ሀንጋሪ እኮ ሩቅ ነው። የአውሮፓ ስታትስቲክስ ለእኛ ማሳ ምን ያውቃል? ደግሞም የአዲስ አበባውን ሥራ ትቼ እዚሁ መካነ ሰላም ልዛወር እችላለሁ። ለአባባ ዓይን ባይሆን እንኳ እንዲህ ማሰቤ አይቀርም ነበር።

አድማሴ ሐሙስ ደሴ ሊሄድ ነው። "የሚላክ ፖስታ ካለሽ" አለኝ። የለኝም፣ ቀርቻለሁ አልኩት። ፊቱ በራ፤ ወዲያው ደግሞ ተኮሳተረ። "አለሽ እንጂ" አለና ተቆጥቶ ሄደ። ምን አጠፋሁ?

ታኅሣሥ 20፣ ረቡዕ

ዛሬ አባባ ተማሪዎቻቸውን በጊዜ አሰናበቱ። በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ "ያን ወረቀት አምጪው" አሉኝ። ቅጹን አልልክም ማለቴን እታዬ ናት የነገረቻቸው።

አመጣሁት። በጣታቸው ጠርዙን ዳሰሱና መልሰው ሰጡኝ። "አንብቢልኝ።"

ስሜን አነበብኩ። ዕድሜዬን። ከዚያች መስመር ስደርስ፣ የማልልከው ወረቀት ነው፣ ደስ ይበላቸው ብዬ እንዲህ አልኩ፤ "የትምህርት መስክ፣ የሰብል ማዳቀል። ከትምህርት በኋላ፣ በኮሌጅ መምህርነት።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ፈገግ አሉ። ከዚያ፣ "እሺ። አሁን ደግሞ የተጻፈውን አንብቢልኝ" አሉ።

ፊቴ ነደደ። "እንዴት አወቁ?"

"ሠላሳ ዓመት ተማሪ ስሰማ ነው የኖርኩት። ያላጠናውን የሚል ልጅ ድምፁ ቀድሞት ይሄዳል።"

አነበብኩ። ስታትስቲክስ፤ ከትምህርት በኋላ፣ የዕቅድ ክፍል። ከዚያ ያልተጠየቅሁትን ሁሉ ተናገርኩ። ዝግባ በርን፣ አሥር በመቶውን፣ ስምንቱን፣ አምስቱን፣ ዕጣውን። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። አለቀስኩ። እታዬም በጓዳው ደጃፍ ቆማ አለቀሰች።

አባባ አላባበሉኝም። "ዘንድሮ ልደት በስንት ነው የሚውል?" አሉኝ።

"በሃያ ስምንት።"

"ለምን?"

"ዘመኑ ዮሐንስ ስለሆነ። አምና ጳጉሜ ስድስት ስለነበረች።"

"ይኼን ማን ቆጠረው? ባሕረ ሐሳብ የሚያወጣው ሊቅ ነው። ወንበር ላይዘረጋ ይችላል፤ ስሙንም የሚያውቀው የለም። ግን አገር ሁሉ በእሱ ቁጥር ይጾማል፣ በእሱ ቁጥር ይፈታል። አንድ ቀን ቢስት ሁሉም አብሮት ይስታል። እንቅብ የደፋሽ መስሎኝ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ሂጂና መቁጠሩን ተማሪ።"

"አልሄድም፣ አባባ። ዓይንዎን አውቄያለሁ።"

"ማወቅሽንማ አውቄያለሁ። ካስማው ከተነሣ ጀምሮ እኮ መሬት ላይ አንዲት ነገር ጥለሽ አታውቂም።" እጄን ፈልገው ያዙት። "እኔም እንግዲህ የተጻፈውን ላንብብልሽ። ግራው የለም። ቀኙ ጥላ ያያል፤ በብርሃን ፊት የቆመ ሰው ያያል። እስከ ፋሲካ እንኳ መቆየቱን እንጃ። አንቺ ብትቀሪም፣ ልጄ፣ እዚሁ አጠገቤ ተቀምጠሽ ነው የማትታይኝ።"

እንባዬን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁ።

"ወደ በሩ ሂጂ። ፀሐዩ ላይ ቁሚ። ነጠላሽን ከራስሽ አውርጂው።"

ቆምኩ። ተነሥተው መጡና በቀኝ ዓይናቸው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከግንባሬ ጀመሩ። እንዳልንቀሳቀስ ትንፋሼን ያዝኩ።

"አየሁሽ" አሉ። "ሸብተሻል እኮ።"

ታኅሣሥ 21፣ ሐሙስ

በቀለም ጻፍኩት። ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ተራ ወርጄ ለአድማሴ ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀበለኝና ደረት ኪሱ ከተተው። "ሺህ አራት መቶ ስድሳ አንድ" አለ። ያን ቁጥር አለመርሳቱ ገረመኝ፤ ከዚያ መንገዱን ሁሉ ሳስበው መጣሁ።

ስመለስ አባባ ነቅተዋል። በሩን ከፍቼ ስገባ ኮቴዬን ሰምተው፣ "ማን ነው?" አሉ። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ማን ነው ብለውኝ አያውቁም ነበር።

"እኔ ነኝ፣ አባባ" አልኳቸው።